«የቤንዚን ቱቦዎን ቀይረዋል?»

አርዲት ኮላሪክ ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። ሳህኗን የማድቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ታስቀምጥና አንዴ ጎርሳ ግቢውን ቃኘት ታደርጋለች፤ ሁለተኛውን ጎርሳ በጓሮ በር ትወጣና የተሰጣውን ልብስ ነካክታ ትመለሳለች። ባሏ ዶይል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ይናከሳል ብሎ የነገረሽ ማነው?» እንዳላት ነው። እሷም «አንተ ለሁለታችንም ትቀመጥልን የለም እንዴ!» ትልና ሳህኗን እንደያዘች ትወጣለች።

የዚህች ሴት እግር የሚያርፈው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከቤቷ ጀርባ ባለው ጋራዥ፣ የአሮጌ መኪና ካርቡራተር እጇ ሲገባ። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር አዋሕዶ ለሞተሩ የሚመግብ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ መርፌ የማታሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ አለች። አርዲት ይህን ብረት ፈታታ፣ አጥባ፣ ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑን ለውጣ መልሳ ስትገጥመው፣ ሃያ ዓመት ተኝቶ የኖረ ሞተር ጉሮሮውን ጠራርጎ ይነሳል። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። አባትየው ሲሞት መሬቱ ለታላቅ ወንድሟ ለቨርሊን፣ የሥራ ጠረጴዛው ለእሷ ደረሰ፤ ሁለቱም በድርሻቸው አልተቀያየሙም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ቨርሊን እንደ በሬ ረጋ ብሎ የሚራመድ፣ አንዴ የተናገረውን ቢሞት የማያጥፍ ሰው ነው። እሷ ግን መጥበሻ ላይ እንደ ወደቀች ጠብታ ውሃ ናት።

ካርቡራተሮቹ በፖስታ ነበር የሚመጡላት። ከካንሳስ፣ ከሚዙሪ፣ ከዳኮታ፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግሮ ከካናዳ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ከባለቤቱ ደብዳቤ ጋር። «የአባቴ መኪና ነበረች፤ እባክሽ እንደ ልጅ ያዥልኝ» የሚል አይጠፋም። አርዲት ለእያንዳንዱ አንዲት ካርድ ታወጣለች፤ ስም፣ ስልክ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የተለወጠው ዕቃ። ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ተደርድረው የጋራዡን መደርደሪያ ሞሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም።

የኢታኖል ፋብሪካው እሷ በምትኖርባት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ በዊሎ ፎርክ የተተከለው በዚሁ መሀል ነው። ከተማዋ ያኔ ነፍሷ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የእርሻ መሣሪያ ሱቁ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ከጎረቤት ከተማ ጋር ሊጠቃለል ወረቀቱ ተጽፏል። ገበሬዎቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙና ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ በቆሎን አልኮል የሚያደርግ ፋብሪካ ተከሉ፤ ኢታኖል የሚባለው ይህ አልኮል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ይሸጣል። የበቆሎ ዋጋ ቀና አለ፤ ትምህርት ቤቱም በሩን ሳይዘጋ ቀረ። ነፋስ ከምሥራቅ ሲነሳ እንደ ጠላ ጥንስስ ያለ ሽታ ከተማውን ያጥናል፤ የዊሎ ፎርክ ሰው ግን «ይሄ የእንጀራችን ሽታ ነው» እያለ በረጅሙ ይስበዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቨርሊን ኮላሪክ ነው።

ከዚያ ወዲህ አርዲት ጋ የሚመጡት ካርቡራተሮች መልካቸው ተለወጠ። ስትከፍታቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ሆነው ታገኛቸዋለች፤ ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣ ጎማው እንደታኘከ ማስቲካ ልፍስፍስ። ቤንዚኑ ላይ እየተንሳፈፈ ልኩን የሚጠብቀው ቡሽ የተቀባው ቫርኒሽ ሟሙቶ፣ ቡሹ ቤንዚን ጠጥቶ ወደ ታች ሰጥሟል። ነገሩ እስኪገባት ጊዜ አልፈጀባትም። አልኮል ውሃ ይወዳል፣ ከአየር እየመጠጠ ያጠራቅማል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ሳይጎዳው አቃጥሎ ይጨርሰዋል። አሮጌ መኪና ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሸራ ለብሶ ይተኛል፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል፣ ብረቱን ይበላል። በሃምሳዎቹ የተሠራው ጎማ ደግሞ እንዲህ ያለ መጠጥ ይመጣብኛል ብሎ አልተዘጋጀም።

አንድ እሑድ ቨርሊን ቤት ኮላቺ የሚባለውን ማርማላታ ያለበት ዳቦ ሲበሉ (እሷ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ) አነሳችበት።

«ወንድምዓለም፣ በቆሎህ ካርቡራተሮቼን እየበላብኝ ነው።»

ቨርሊን የፕሪም ማርማላታውን ከጢሙ ጠረገ። «ታዲያ በቆሎዬ ምን አደረገሽ? አንቺንም እያበላሽ ነው እኮ! ድሮ በወር ሦስት ነበር የሚመጣልሽ፤ አሁን ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«በይ እንግዲህ አመስግኚኝ።»

ማዕዱ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። በኋላ ጎኗን እየወጋ እንቅልፍ የነሳት ይህ ሳቅ ነው።

በግንቦት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«አርዲት ነሽ? ኤመሪ ራውሽ እባላለሁ፣ ከሚዙሪ። ባለ ስምንት ሲሊንደሯ አረንጓዴ መኪና፣ የሃምሳ ሁለት ሞዴል።»

አስታወሰቻቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ጡረተኛ አናጢ ናቸው፤ ካርቡራተራቸውን በጥር ልከውላት በየካቲት መልሳላቸዋለች። «እንዴታ! እንዴት ሆነችልዎት?»

«እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ተቃጠለች።»

አርዲት የያዘችውን ካቻቢቴ አስቀመጠች።

ሽማግሌው ረጋ ብለው ነገሯት። የመጀመሪያዋ ፀሐያማ እሑድ ነበረች፤ ሚስታቸውን ሉሲልን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በመንገድ ላይ ቤንዚን ቤንዚን ሸተታቸው፤ ከክረምት እንቅልፍ ስለነቃች ነው ብለው አለፉት። ሲመለሱ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሳ። ሚስታቸውን አስወርደው፣ ኮፈኑን ልክፈት ብለው እጃቸውን ሰደዱ። «እጆቼን ጠበሰኝ። ሁለቱንም። ግን ካርቡራተሩ አይደለም፣ አርዲት። የእሳት አደጋ ሰዎቹ አሳይተውኛል። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚወጣው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ የጋለው ብረት ላይ ያንጠባጥብ ኖሯል። የደወልኩልሽ ወሬውን ከሌላ ሰው ብትሰሚ የኔ ጥፋት ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይማርዎት» ብቻ አለች። 

ስልኩን ዘግታ ጋራዡን ሦስት ጊዜ ዞረችው። አንድ ነገር ትዝ ብሏታል። ያኔ በየካቲት ሽማግሌው ደውለው፣ «ሌላ የምነካው ነገር አለ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ እጇ ላይ የሌላ ሰው ካርቡራተር ተከፍቶ፣ ቸኩላ፣ «ምንም የለም፣ ገጥመው ይንዱት» አለቻቸው። ጎማው ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ በየቀኑ ታየው ነበር። አንዲት ዐረፍተ ነገር መጨመር ነበር የቀራት።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም፣ ቆማም ቢሆን። የአትክልቱን አጥር ቀለም መቀባት ጀምራ ግማሽ ላይ ተወችው። የዶሮዎቹን ቤት ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስ እንደገና ጠረገች። ዶይል በረንዳው ላይ ሆኖ ሲያያት ቆየና፣ «የምትሄጂበት ካለ ሂጂ እንጂ፣ ዶሮዎቹን አስጨነቅሻቸው» አላት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነስታ ስድስት ሰዓት ነድታ ሚዙሪ ገባች።

ኤመሪ ራውሽ በር የከፈቱላት በክርናቸው ነው። እጆቻቸው እስከ አንጓቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ሳሎን ገብታ፣ ቆማ፣ ባርኔጣዋን እያሽከረከረች ያለችውን ሁሉ ተናገረች፦ ስልኩን፣ ጥድፊያዋን፣ «ምንም የለም» ያለችውን።

«አስታውሳለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ታዲያ እኔስ ልጄ? ስልሳ ዓመት መኪና ስነካካ ጎማ እንደሚያረጅ አላውቅም ነበር? አንቺን ልወቅስ ብል መጀመሪያ ራሴን ልውቀስ። ተይው በቃ።»

ሉሲል ግን ከማድቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ላይ የባላቸውን ሸሚዝ ይዘዋል። «እሱ ይቅር ብሎሻል፤ እሱ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍለት ሰው አለው» አሉ። «እኔ ገና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዲህ ብለሽ የሸኘሻቸው ሌሎች ስንት ናቸው?»

አርዲት የቀረበላትን ቡና ሳትጠጣ ወጣች። ስድስቱን ሰዓት መንገድ ያችን ጥያቄ ይዛ ተመለሰች፤ ቤቷ እንደደረሰች የመኪናዋን በር እንኳ ሳትዘጋ ጋራዥ ገብታ የጫማ ካርቶኖቹን አወረደች። ካርዶቹን ቆጠረች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አርዲት ለአንዱ ዘግይታለች፤ ለቀሩት አልዘገየሁ ይሆናል ብላ በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት የመጀመሪያውን ስልክ ደወለች።

የስልኩ ገመድ ረጅም ስለነበረ እየተራመደች ነው የምታወራው፤ ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው። «አርዲት ኮላሪክ ነኝ፣ ካርቡራተር የሠራሁልዎት። የቤንዚን ቱቦዎን ቀይረዋል?» አንዳንዱ አመሰግናለሁ ብሎ ወዲያው የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ መኪናው ይወጣል። አንዳንዱ ዕቃ ልትሸጥለት የደወለች ይመስለዋል።

አንድ የካንሳስ ሰው፣ «እመቤቴ፣ ያቺን መኪና እኮ በዘጠና ስድስት ሸጥኳት» አላት።

«ለማን?»

«ለአማቼ ወንድም።»

«ስልኩን ይስጡኝ።»

«አንነጋገርም።»

«ዛሬ ይነጋገሩ እንግዲህ። እኔ አስታርቃችኋለሁ።»

አንዲት ሴት ደግሞ ስልኩን አንስታ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ መሆኑን ነገረቻት። መኪናው ግን ጋራዥ ውስጥ አለ፤ አንዳንዴ ገብታ ታስነሳውና ድምፁን ትሰማለች። አርዲት እርምጃዋን ገታ አደረገች። «ዛሬ አታስነሺው እሺ፣ የኔ እመቤት? ነገም። ቱቦውን በፖስታ እልክልሻለሁ። እጁ የቀና ጎረቤት አለሽ?» አለኝ አለች። አርዲት አልኮል የሚችል አዲስ ጎማ በልኩ ቆርጣ፣ ማጥበቂያ ፋሼታዎቹን ጨምራ በዕለቱ ላከችላት። ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹም መላክ ጀመረች።

ዶይል ለሳምንት ያህል ካያት በኋላ አንድ ቀን ወንበሩን ጎትቶ ጋራዡ ገባና ከካርዶቹ ሥር ተቀመጠ። «አንቺ ተራመጂ» አላት። «ቁጥሩን እኔ አነብልሻለሁ።»

ትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬ እግር የለውም፣ ክንፍ እንጂ። በሰኔ መጀመሪያ «አርዲት ኢታኖል መኪና ያቃጥላል እያለች ለመላው አሜሪካ እየደወለች ነው» ተባለ። ማደያው ላይ ድሮ ሰላም የሚሏት ሰዎች ዐይናቸውን ወደ ቤንዚን መቅጃው ማዞር ጀመሩ። ቨርሊን ራሱ መጣ። የጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሥራዋን እስክትጨርስ ጠበቀ፤ እሷ ደግሞ አልጨርስ አለች።

«የሚባለው እውነት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ጎማችሁን ቀይሩ ነው የምላቸው።»

«ለምን ሲሉሽስ?»

«ለምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ልዋሽልህ?»

«አርዲት፣ የዚህ ከተማ ልጆች የሚማሩት በዚያ በቆሎ ነው። ያንቺም ልጆች ተምረውበታል።»

«የሰውዬው እጅ እኮ ተጠብሷል፣ ቨርሊን! ሄደህ እየው። ሸሚዙን ሚስቱ ናት የምትቆልፍለት።»

ቨርሊን ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ወደ መኪናው ሄደ።

የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ በዚያው ወር አጋማሽ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተደረገ። አርዲት ሁለት ደቂቃ ለምና ተሰጣት። የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው፦ ማደያው ላይ አንዲት ወረቀት ትለጠፍ፤ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ቱቦአቸውን እንዲያዩ፣ ክረምቱን ደግሞ ቅልቅሉን ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ይዘው እንዳይከርሙ። ስትናገር ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው እየተዛወረች ነበር። 

ቨርሊን ከመድረኩ ተነሳ። «እኅቴ ሐቀኛ ሴት ናት» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ የተዘጋውን የእርሻ መሣሪያ ሱቅ፣ ሊዘጋ የነበረውን ትምህርት ቤት አንድ በአንድ ቆጠረ። «እኛው በገዛ እጃችን ምርታችን ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከለጠፍን፣ ጠላት አያስፈልገንም» ሲል ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። አርዲት ጭብጨባው ሳያልቅ በጎን በር ወጥታ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። መኪናዋን እዚያው እንደተወችው ትዝ ያላት አልጋዋ ውስጥ ገብታ ነው።

ነሐሴ ሲገባ የበቆሎ በዓሉ ደረሰ። በየዓመቱ አሮጌ መኪኖች በዋናው መንገድ ተሰልፈው ያልፋሉ፤ ሰልፉን የምታሰናዳውም አርዲት ነበረች። ያን ዓመት ግን ማንም ሳይነግራት ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅዳሜ ጠዋት ዶይል የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጋግሩትን ፓንኬክ ሊበላ ሲወጣ፣ እሷ ፒንሳዋን በኪሷ ጨምራ መኪኖቹ ወደተሰለፉበት ወደ እህል ጎተራው ሄደች።

ሃያ ሰባት መኪና ተኮልኩሏል፣ እንደ ሙሽራ ተወልውሎ። አርዲት እንደ አዳኝ ውሻ እያሸተተች በመካከላቸው አለፈች።

«ኮፈኑን አንዴ ክፈትልኝ።»

«ደህና ነው አርዲት፣ ደህና ነው።»

«አንተስ?»

«ባለፈው ዓመት አይተሽው የለ እንዴ?»

ሁሉም እንዲህ ነው። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አስደግፈው በትሕትና ይሸኟታል። ማንም ሊቀ መንበሩ ፊት ከፋች ሆኖ መታየት አልፈለገም። ሊቀ መንበሩ የአባታቸውን የአርባ ዘጠኝ ሞዴል ቀይ ፒክአፕ ይዞ ከፊት ተሰልፏል። ከኋላ በጭድ እስር ላይ ሦስት የልጅ ልጆቹ ለሕዝቡ የሚወረውሩትን ከረሜላ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አርዲት ልጆቹን ስታይ ሌሎቹን መኪኖች ተወቻቸው። ሄዳ የፒክአፑ አፍንጫ ፊት ቆመች።

ባንዱ መምታት ጀምሯል። ቨርሊን በመስኮቱ ራሱን አወጣ።

«ዞር በይ፣ አርዲት።»

«ኮፈኑን ክፈት።»

«ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። ዛሬ ሥራ የለውም።»

«አርዲት፣ በሕዝብ ፊት አታዋርጂኝ።»

«ልጆቹን አውርዳቸውና እንደ ፈለግህ ንዳ። አለዚያ በእኔ ላይ ነው የምታልፈው። የአባቴም መኪና ናት፤ አባቴ ይህን ቢያይ ጥፊ ነበር የሚያቀምስህ፣ ሊቀ መንበር ብትሆንም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። ቨርሊን ፊቱ እንደ መኪናው ቀላ። ወረደ። በሩን ዘጋው። አንገቱን አቀርቅሮ ኮፈኑን ወደ ላይ አነሳው።

አርዲት እጇን ሰደደች። የምትጠብቀው ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ ጎማ ነበር። ጣቷ የነካው ግን ለስላሳና ጠንካራ ነው። ጎንበስ ብላ አየችው፦ ከፓምፑ እስከ ካርቡራተሩ አዲስ ጥቁር ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የሚያብለጨልጭ ፋሼታ። መኪናው ሥር ተንበርክካ ከታንኩ የሚመጣውንም አየች። እሱም አዲስ ነው።

ቀና አለች። «መቼ ቀየርከው?»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«መቼ፣ ቨርሊን?»

ቨርሊን ከጫማው ጋር የሚነጋገር ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሚዙሪ የተመለስሽ ሳምንት። ዶይል ስለ ሰውዬው እጅ ነገረኝ።»

«ግንቦት ላይ!» የአርዲት ድምፅ የጎተራውን ግቢ ሞላው። «ግንቦት ላይ ቀይረህ ነው በሰኔ ከመድረክ ላይ ያሸማቀቅከኝ? ታዲያ ለምን ተናገርክብኝ?»

«አንቺን አልተናገርኩም። ስለ በቆሎው ነው የተናገርኩት።»

አርዲት ፒንሳውን ከኪሷ አውጥታ ልትወረውርበት ምንም አልቀራትም። ከዚያ ሳታስበው ሳቅ አፈናት፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ የፒክአፑን መብራት ይዛ ሳቀች። ቨርሊን አልሳቀም፤ ግን ኮፈኑንም አልዘጋውም።

ሁለተኛው መኪና ላይ ያለው የእህል ነጋዴ ሁሉንም ሰምቷል። «እንዴ! ሊቀ መንበሩ ራሱ ቀይሯል?» አለና ወርዶ የራሱን ኮፈን ከፈተ። ሦስተኛው ተከተለ። ብዙም ሳይቆይ ሃያ ሰባቱም ኮፈን ተበርግዶ፣ ጎተራው ፊት ልክ ሕመምተኞች አፋቸውን ለሐኪም የከፈቱ መሰለ። አርዲት ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠች። የስድስቱ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ከእነሱም የሁለቱ ርሷል፤ ጨርቅ ሲያስነኩት ቤንዚን ይዞ ይመለሳል።

ሰልፉ ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ። ባንዱ የሚያውቃቸውን ሁለት ዜማዎች እያፈራረቀ ሕዝቡን አሰለቸ። ስድስቱ መኪኖች ሞተራቸው እንዳይነሳ ተባለ። ባለቤቶቹ ግን አንቀርም አሉ። እሳት አደጋዎቹ ፓንኬካቸውን ጥለው፣ ዶይልም የፓንኬኩ ሽሮፕ እጁ ላይ እንደተጣበቀ ተጨምሮ፣ መኪኖቹን እየገፉ በዋናው መንገድ አሳለፏቸው። የዊሎ ፎርክ ሰው ከሚነዱት ይልቅ ለሚገፉት የበለጠ አጨበጨበ።

በመስከረም ማደያው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ቃሉን የጻፈው ቨርሊን ነው፣ አርዲትን ሳያማክር። «ኢታኖል ጥሩ ነው። ያረጀ ጎማ መጥፎ ነው። መኪናዎ ከእርስዎ የሚበልጥ ከሆነ ቱቦውን ይቀይሩ።» አርዲት ስለ ክረምቱና ስለ ውሃው የቀረውን በእስክሪብቶ ከሥሩ ጨመረችበት። ቨርሊን አየው፤ አልፋቀውም። እሑድ እሑድ ግን ክርክራቸው እንደ ድሮው ነው።

አርዲት ወደ ሚዙሪም በየወሩ ትደውላለች። ኤመሪ ራውሽ እጃቸው እየዳነ ነው፤ አናጢነቱ ግን ቀርቷል፣ መዶሻ አይጨብጡም። ይህን የነገሯት ሉሲል ናቸው። ስለ ይቅርታ እሳቸው አላነሱም፣ አርዲትም አልጠየቀችም። ግን ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ሆነዋል፤ ስለ ቲማቲማቸውም ያወራሉ።

ከካርዶቹ ዘጠኝ መቶ ያህሉ ተገኝተዋል። ለቀሩት ስልኩ አይሠራም፤ ደብዳቤውም ይመለሳል። በጥቅምት አርዲትና ዶይል በቅርብ ርቀት ያሉትን በመኪና ይፈልጓቸው ጀመር። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ የአንዱን እርሻ ጠይቀው ጠይቀው ደረሱበት። ሰውየው ሞቷል። ልጁ የከብት መኖ እየጫነ ነበር፤ ሲነግሩት ተገረመ።

«መኪናዋ ጎተራ ውስጥ ናት፤ ግን ማንም አይነዳትም» አላቸው።

«ማንም ስትል አንድ ቀን የሚነዳት ሰው ይነሳል» አለች አርዲት። «ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ?»

«ይኖራል።»

«የእጅ ባትሪህን ይዘህ ና።»

ጎተራው ብርድ ነበር። ልጁ ብርሃኑን ያዘላት፤ እሷ ከሥር ገብታ የድሮውን ቱቦ ስትነካው እጇ ላይ ተፈረካከሰ። በአዲስ ተካችው፤ አሮጌውን ቤንዚን በባልዲ አወረደችው። ልጁ አባቱ መኪናዋን እንዴት እንደሚያባብላት ማውራት ጀምሮ ነበር። አርዲት እየሰማችው እጇን ጠረገች፤ ዶይል ደግሞ ውጪ የራሳቸውን መኪና ሞተር አስነስቶ በካርታው ላይ የሚቀጥለውን መንደር እየፈለገ ነው።